አርብ ወይም እሑድ

የካቲት 18፣ ማክሰኞ

ትናንት ጾም ገባ። የቡድኑ ልጆች ከቅበላው ገና አልወጡም፤ ግማሾቹ ሆዳቸውን ይዘው ነው የሚሮጡት። ሳቅሁ። ወዲያው ማን ሆኜ እንደምስቅ ትዝ አለኝና ተውኩት።

ዋናው አሰልጣኝ ጥሎን ከሄደ ወር አልፏል። እስከዚያ ድረስ ረዳት ነበርኩ፤ አሁን «ጊዜያዊ» ነኝ። ቃሉን ጋሽ ይታያል በየስብሰባው አይረሳውም። «ጊዜያዊ አሰልጣኛችን ደመላሽ» ይላል፤ ድምፁ የመጀመሪያዋ ቃል ላይ ይረግጣል። የውሰታ ክለብ ሊቀ መንበር ነው፤ ሥራው ቆርቆሮና ሲሚንቶ መሸጥ ነው። ክፉ ሰው አይደለም።

ኮሚቴው አሰልጣኝ እየፈለገ ነው። ከባሕር ዳር ታዲዮስ የሚባል ሰው አለ ይላሉ። ላይሰንስ አለው። እኔ ያለኝ ጠዋት የማስተምረው ጂኦግራፊና ከሰዓት በኋላ የምቆምበት የሜዳ ጠርዝ ነው።

ሕሊና ለቦታው አመልክት ትለኛለች። ባለቤቴ እንደዚህ ናት፤ የሚፈለግ ነገር መጠየቅ አለበት ብላ ታምናለች። ያውቁኛል እኮ፣ አልኳት።

የካቲት 23፣ እሑድ

አምበርን አሸነፍን። አጥቂያችን አምደሚካኤል ጎል አላገባም። እንደ ወትሮው።

ግን ዛሬ ያየሁትን መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ሌላ የሚጽፈው ሰው የለምና። ጀርባውን ለግቡ ሰጥቶ ይቆማል። ኳሷ ከኋላ መስመራችን እንደ ድንጋይ ተወርውራ ትመጣለች፤ ደረቱ ላይ ስታርፍ ትሞታለች። ሁለት ተከላካዮች ትከሻው ላይ ተንጠልጥለው ሳለ እግሩ ሥር ያስቀምጣትና ይጠብቃል። አበረ እስኪሮጥ ነው የሚጠብቀው። ከዚያ ይሰጠዋል። አበረ ያገባል። ሕዝቡ «አበረ! አበረ!» ይላል፤ አምደሚካኤል አቧራውን ከቁምጣው እያራገፈ ወደ መሐል ይመለሳል።

ከጨዋታው በኋላ ሜዳው በር ላይ ካለችው ከዘመናይ ሻይ ቤት ተቀመጥን። ወሬው ሁልጊዜ ያው ነው። አንዱ፣ አጥቂ ነው ይሉታል፣ ማንን እንዳጠቃ ግን እስከ ዛሬ አላየሁም አለ። ሌላው፣ ለመቀበል ለመቀበልማ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆሞ መባ ይቀበል አለ። ሳቁ። ዘመናይ ብርጭቆ እያጠበች፣ ቀና ሳትል፣ እሱ ባይኖር አበረ ኳስን የሚያያት በፎቶ ነበር አለቻቸው።

«ተቀባዩ» የሚሉት ኳሷን እንዲህ ስለሚቀበል ነው። ለሱ ግን ስሙ የቆየ ነው። ልጅ ሆኖ ቅኔ ቤት ነበር፤ ባለ ቅኔው ቃል በቃል ሲያወርድ እየተቀበለ የሚደግመው እሱ ነበር። ሰው ባለ ቅኔውን ያደንቃል፤ ቃሉ ሳይወድቅ የያዘውን ማንም አያስታውሰውም። ይህን አንድ ቀን ራሱ ነው የነገረኝ፤ ሳያዝን። ከዚያ ወደ አስኳላ መጣ፤ የኔ ተማሪ ሆነ። ወደ ክለቡም ያመጣሁት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ «የኔታ» ይለኛል። ጓደኞቹ ይስቁበታል። እኔ ግን ደስ ይለኛል፤ ለማንም ባልነግርም።

የካቲት 28፣ አርብ

ከሉማሜ ጋር አቻ። ከዕረፍት በኋላ አምደሚካኤል ሜዳ ላይ አልነበረም ማለት ይቻላል። ኳሷ ከደረቱ እየነጠረች ትሄዳለች፤ እግሩ ይዘገያል። ሕዝቡ አፏጨ። አወጣሁት።

የተቀያሪዎቹ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ውኃ ሰጠሁት። ጠርሙሱን ተቀብሎ ከፈተና አናቱ ላይ አፈሰሰው። ጠብታዋ ከንፈሩ ላይ ስትደርስ በመዳፉ ጠረጋት። ከንፈሩ ነጭ ሆኖ ተሰነጣጥቋል።

ሁሉም ከሄደ በኋላ ከልብስ መቀየሪያው ጀርባ አገኘሁት። ሌላ ጠርሙስ ጭኑ ላይ አድርጎ ምዕራቡን ይመለከታል። ለምን አትጠጣም አልኩት።

«ገና ነው፣ የኔታ።»

ስለት ይዟል። እስከ ፋሲካ ከሰኞ እስከ አርብ ፀሐይ ሳትገባ ምንም ነገር ባፉ አይገባም፤ ውኃም ቢሆን። ቅዳሜና እሑድ እንደ ሰው ይበላል። ስለ ምን እንደ ሆነ ጠየቅሁት። ስለ ሰው ነው አለኝና ፈገግ አለ። እናትህ ናቸው? አልኩት። ጠርሙሱን ጭኑ ላይ አዞረው። ወይዘሮ አሰገደች አምበር አጠገብ ነው የሚኖሩት፤ ወገባቸውን ያማቸዋል። ለሳቸው መሆን አለበት።

«ሰው ካወቀብኝ ዋጋ የለውም» አለ። «እርስዎም አላወቁም። እሺ የኔታ?»

እሺ አልኩት።

መጋቢት 3

ልምምድ። ከጮቄ የሚመጣው ነፋስ አቧራውን ሁሉ ዓይናችን ውስጥ ከተተው።

የንስሐ አባቱ ስለቱን ሊያቀልሉለት ይችላሉ። በጨዋታ ቀን ውኃ ብቻ። አንድ ቃል ነው። ነገ ሄጄ አነጋግራቸዋለሁ።

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ

የኮሚቴ ስብሰባ። የታዲዮስ ዕቅድ ተነበበ።

ከሰው ስልክ ላይ የየካቲቱን የእሑድ ጨዋታ አይቶታል። ቡድኑን ከሰጣችሁኝ በዚያ ጀርባውን ሰጥቶ በሚቆመው ልጅ ዙሪያ እሠራዋለሁ ይላል። ጎል ያገባው ማን እንደ ሆነ አልጠየቀም። ልጁ ኳሷን ሲቀበል መጀመሪያ የትኛውን ትከሻውን እንደሚያዞር ጽፏል። ቀኙን። ትክክል ነው።

ጋሽ ይታያል ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ሳቀ። ጎል በማያገባ አጥቂ ላይ ቤት የሚሠራ መሐንዲስ ነው እንግዲህ ያመጣችሁልኝ አለ። ከዚያ ወደኔ ዞረ። «አንተ አሳድገኸዋል። ልጁ እውነት ይህን ያህል ዋጋ አለው?»

«ጥሩ ልጅ ነው» አልኩ።

የተጠየቅሁት ስለ ተጫዋች ነው። የመለስኩት ስለ ልጅ ነው። ቤት እስክደርስ ይህንኑ እያሰብኩ ሄድኩ። ሌላም ነገር አለ። እኔ ብቻ ለዓመታት ያየሁትን አንድ የማላውቀው ሰው ከስልክ ላይ አየው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

መጋቢት 12

አርብ። ገና ከዕረፍት በፊት አወጣሁት። «ቄሱ ደከማቸው!» ብሎ አንዱ ጮኸ፤ ተመልካቹ የተቀመጠበት ደረጃ በሙሉ ሳቀ። አምደሚካኤል ሲያልፍ ትከሻዬን በጣቱ ነካ አደረገኝ። ማመስገኑ ነው።

ለሱ ብዬ ነው የማወጣው። ሕዝቡ ግን የሚያየው የማይጨርስ ተጫዋች ነው።

የንስሐ አባቱን አላነጋገርኩም። ትምህርት ቤት ፈተና ነበረ።

መጋቢት 14፣ እሑድ

የመርጡለ ማርያምን ቡድን አራት ለባዶ። አምደሚካኤል ሲጫወት ሌላው ሁሉ የሚሮጥበት ምሰሶ ይመስል ነበር። እስከ መጨረሻው ፊሽካ ቆየ።

ጋሽ ይታያል ከወንበሩ ተነሥቶ ወደኔ መጣ። «ደሜ፣ ይሄ ልጅ መንታ አለው እንዴ? አርብ የምትልክልን አንዱን ነው፣ እሑድ ሌላውን።»

ሳቅሁ። ኳስ እንዲህ ናት አልኩት። እሱም ሳቀ።

ልነግረው የምችልበት ጊዜ ቢኖር ያኔ ነበር። ግን ቃል ገብቻለሁ። ቃል ቃል ነው።

መጋቢት 18፣ ሐሙስ

ጋሽ ይታያል ሱቁ ድረስ አስጠራኝ። ታዲዮስ ቡድኑን በዓይኑ ሊያይ ይመጣል። ከፍኖተ ሰላም ጋር የወዳጅነት ጨዋታ ይደረጋል፤ ኮሚቴው በዚያ አይቶ ይወስናል። እንግዳው ልክ ከሆነ ይቀጠራል። ካልሆነ፣ አለና ጋሽ ይታያል በሚስማር ሣጥኑ ላይ ጣቱን አንኳኳ፣ ካልሆነ ያለን ሰው አለን።

«አርብ ወይም እሑድ ነው። ሜዳውን የምታውቀው አንተ ነህ፤ ቀኑን አንተ ቁረጥ።»

«አርብ» አልኩ።

ለምን አለኝ። እሑድ ሰው ይበዛል፣ ግርግር ነው፤ እንግዳው ረጋ ብሎ ቢያይ ይሻላል አልኩት። ልክ ነህ አለ። ልክ ነኝ። እሑድ በእርግጥ ሰው ይበዛል። ባለፈው እሑድ አጥሩ ላይ ሳይቀር ተሰቅለው ነበር። ይህን ማንም ሊክደው አይችልም።

ማታ ለሕሊና ነገርኳት። ምስር እየለቀመች ነበር። ስለ ጾሙ የምታውቀው ነገር የለም፤ ለሷም አልነገርኳትም። እጇን አቁማ አየችኝ።

«አምደሚካኤል እሑድ አይደል እንዴ ሁልጊዜ ደህና የሚጫወተው?»

ግርግር ነው አልኳት። ወደ ምስሯ ተመለሰች።

ምክንያቱ ትክክል ነው።

መጋቢት 22፣ ሰኞ

የባሕር ዳር መንገድ ተዘግቷል ይላሉ። መናኸሪያው ሰው ሞልቶታል፤ ሻንጣቸው ላይ የተቀመጡ እናቶች፣ የሚያለቅሱ ሕፃናት። የሕሊና እኅት ለሐኪም ቀጠሮ መሄድ ነበረባት፤ ቀረች። በመሐላቸው ሳልፍ ውስጤ የሆነ ነገር ቀለል አለው። ምን እንደ ሆነ ያወቅሁት ቤቴ ስደርስ ነው። ታዲዮስ አይመጣም ብዬ ነበር።

ልምምድ ላይ ስለ አርቡ ጨዋታ ነገርኳቸው። እንግዳው ቡድኑን ሊያይ ይመጣል አልኩ እንጂ ዕቅዱ በማን ላይ እንደ ቆመ አልተናገርኩም። አምደሚካኤል ሌሎቹ እስኪሄዱ ጠበቀኝ።

«የኔታ፣ እሑድ ማድረግ አይቻልም ነበር?»

«ኮሚቴው ነው የወሰነው።»

«እሺ።» ኳሷን በእግሩ ጫፍ ወዲያና ወዲህ አላት። «እሑድ ቢሆን የበለጠ እጠቅምዎት ነበር ብዬ ነው።»

ይህን ሲል ፊቴን አላየም። ስላላየው ደስ ይለኛል።

መጋቢት 25

መንገዱ ተከፈተ። ሰውዬው መጣ።

ቀጭን ነው፤ ብርዱ ከመኪናው ሲወርድ ያዘው። ጋሽ ይታያል ሆቴል ሊወስደው ሲል ሜዳውን መጀመሪያ ልየው አለ። ከዘመናይ ቤት ሻይ ስንጠጣ ስለ ራሱ ምንም አልተናገረም። ስለ አምደሚካኤል ግን ተናገረ። እንዲህ ያለ ተቀባይ ያለው ቡድን ጎል አግቢ በየመንደሩ ያገኛል፤ ጎል አግቢ ያለው ቡድን ግን ተቀባይ ፍለጋ ዕድሜውን ይጨርሳል አለ። እኔ ከዚህ በፊት ለሕሊና ያልኳት ቃል ነበር ማለት ይቻላል። ቃሌን የሰረቀኝ ይመስል እንደ ሌባ ነው ያየሁት።

ልንለያይ ስንል ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ልጁ ላይ ማወቅ ያለብኝ ነገር አለ? ጉዳት፣ ሕመም?»

«የለም።»

ጉዳት የለበትም። ሕመም የለበትም። አልዋሸሁም።

መጋቢት 26፣ ጠዋት

ፀሐይ ዛሬ ከጠዋቱ ጀምሮ ትፋጃለች። ደመና የለም። ክፍል ውስጥ ስለ ዝናብ ነፋሳት እያስተማርኩ መሐል ላይ ረሳሁት፤ ተማሪዎቹ ቀጥል እስኪሉኝ ቆምኩ።

ካስፈለገ አወጣዋለሁ። እንደ ሁልጊዜው።

መጋቢት 26፣ ማታ

አላወጣሁትም።

በቅደም ተከተል ልጻፈው። መጀመሪያ ላይ እንደሱ ያለ አልነበረም። የመጣለትን ኳስ ሁሉ ገደለ፣ ያዘ፣ ሰጠ። ታዲዮስ ቆሞ ነበር የሚያየው፤ ደብተሩን ወንበሩ ላይ ትቶታል። ጋሽ ይታያል እንኳ ቀልዱን ትቷል። ይህ ከዕረፍት በፊት ነው።

ከዕረፍት በኋላ መጀመሪያ ትከሻው ሄደ፤ ያ ቀኝ ትከሻ። ኳሷን ሲቀበል መዞሩን ተወ። ከዚያ እግሩ። የፍኖተ ሰላም ተከላካይ እንደ ልጅ ይነጥቀው ጀመር። አንድ ጊዜ ወደኔ አየ። ሁልጊዜ የማወጣው እንዲህ ሲያየኝ ነው፤ ምልክታችን ነው። ተቀያሪው ልጅ ተነሥቶ ሰውነቱን ያሟሙቅ ነበር። ተቀመጥ አልኩት። እኔ ወደ ጮቄ በኩል ዞርኩ። ተራራው ላይ ምንም የሚታይ ነገር አልነበረም።

ሳቁን ሰማሁ። ስዞር መሬት ላይ ነበር። ማንም አልነካውም፤ ኳሷ በላዩ አልፋ ስትሄድ በጉልበቱ ተንበርክኮ ከዚያ በጎኑ ተኛ። «ጸልዩለት!» አለ አንዱ ከደረጃው። ሳይነሣ ሲቆይ ሳቁ ቆመ።

ተሸክመን ጥላ ውስጥ አስገባነው። ውኃ አመጡለት። ጥርሱን ገጥሞ ፊቱን አዞረ። ደግመው አቀረቡለት፤ እንደገና አዞረ።

«ለምንድን ነው የማይጠጣው?» አለኝ ታዲዮስ። አጠገቤ መቆሙን አላወቅሁም ነበር።

«ደንግጦ ነው» አልኩት።

ፀሐይዋ ከቤተ ክርስቲያኑ ዛፎች በታች ስትገባ አምደሚካኤል ራሱ እጁን ዘርግቶ ጠርሙሱን አነሣ። አማተበና ጠጣ። ለረጅም ጊዜ ጠጣ። ከዚያ ፈልጎ አገኘኝና ይቅርታ የኔታ አለ።

መጋቢት 27

መናኸሪያ ሄድኩ። ለምን እንደ ሄድኩ አላውቅም። ታዲዮስ ሚኒባሱ ውስጥ ነበር፤ መስኮቱን ከፈተልኝ።

«ትናንት ልጁን ለምን አላወጣኸውም?»

«እንዲያዩት ብዬ ነው።»

«አየሁ» አለ። ምን እንዳየ አልጠየቅሁትም። መኪናው ሄደ።

ሕሊና ራት ላይ ስለ ጨዋታው አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝ ኖሮ ምን እንደምል አዘጋጅቼ ነበር።

ሚያዝያ 2፣ ሐሙስ

ታዲዮስ ሥራውን እንደማይፈልገው በስልክ ተናግሯል፤ ምክንያት አልሰጠም። ጋሽ ይታያል ምክንያቱን ራሱ ሰጠው፤ ቤቱን ሊሠራበት ያሰበው ምሰሶ ዓይኑ እያየ ወደቀ፣ አፍሮ ሄደ አለ። ኮሚቴው ሳቀ። አብሬ አልሳቅሁም፤ አላረምኩትምም።

ሁለት ነገር ተወሰነ። ከፋሲካ በኋላ ዋና አሰልጣኝ እሆናለሁ። የአምደሚካኤል ውል አይታደስም። ለሁለተኛው ተቃውሞ አለኝ ልል አፌን ስከፍት ጋሽ ይታያል እጁን አነሣ። አንተ ራስህ፣ አለ፣ በየአርቡ ስታወጣው አልነበር? ካንተ በላይ ማን ያውቀዋል።

እውነት ነው። ከኔ በላይ የሚያውቀው የለም።

«አንተው ንገረው» አለኝ ስንወጣ። «ተማሪህ አይደል።»

ሚያዝያ 10፣ ስቅለት

ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን። ስግደት። አምደሚካኤል ከፊቴ ባለው ረድፍ ነበር፤ ነጠላውን አመሳቅሎ አስሮታል። ይወድቃል፣ ይነሣል። ሲነሣ መዳፉን መሬት ላይ ይተክላል፤ ከዚያ እንደገና ይወድቃል። እኔ ጥቂት ሰገድኩና ግድግዳውን ተደገፍኩ። ዞሮ ቢያየኝ ምን ዓይነት ፊት እንደማሳየው አሰብኩ። አልዞረም።

ስጨርስ እነግረዋለሁ ብዬ ነበር የሄድኩት። በስቅለት ቀን እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም።

ሚያዝያ 12

ፋሲካ። ጎሕ ሳይቀድ ደወለ። «እንኳን አደረሰዎ፣ የኔታ። ዛሬ ጠግቤ በላሁ።» ድምፁ የልጅ ነው።

በበዓልም አይነገርም።

ሚያዝያ 20፣ ሰኞ

ሹመቱ ደረሰኝ። «ጊዜያዊ» የሚለው የለም። ወረቀቱ ላይ ሁለት ጊዜ ፈለግሁ፤ ቃሉ የለም። ሕሊና አንብባ መለሰችልኝና እንኳን ደስ ያለህ አለችኝ። ለጎረቤት እንደሚባለው ነው ያለችው።

ልምምድ ላይ ልጆቹ አጨበጨቡ። አምደሚካኤል ከሁሉም በኋላ መጥቶ ትከሻዬን ሳመኝ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ይህን ያህል ለምን እንደ ተደሰተ አልገባኝም። ዛሬ ልምምዱ ላይ እንደ እሑድ ነበር። ሰኞ ነው። ጾሙ አልቋል፤ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና አርብ እንኳ አይጾምም።

ለጋሽ ይታያል ደውዬ ልጁን እናቆየው ልለው አሰብኩ። ሳስበው፣ ለምን ሐሳቤን እንደ ቀየርኩ ይጠይቀኛል። ያን ስመልስለት ደግሞ ስለ አርብ ይጠይቀኛል። ስልኩን አስቀመጥኩት።

ሚያዝያ 25

ዘመናይ ሻዬን አስቀምጣ ሳትሄድ ቆመች። ነገርከው? አለችኝ። ከየት ሰማሽ አልኳት። ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፣ ያልሰማው እሱ ብቻ ነው አለች። ሻዩን ስኳር ሳታደርግበት ነው የሰጠችኝ። ረስታ ይሆናል።

ከማርቆስ በዓል በኋላ እነግረዋለሁ።

ሚያዝያ 30፣ የማርቆስ በዓል

ታቦቱ ወጣ። ከተማው በሙሉ ነጭ ለብሷል። ከካህናቱ በላይ ከተዘረጉት ጥላዎች መሐል አንዱ አዲስ ነበር፤ ቀይ ከፋይ፣ ዙሪያው የወርቅ ዘርፍ። ዘርፉ ገና አልተንጨባረረም።

አምደሚካኤልን ከእናቱ ጋር አየሁት። ወይዘሮ አሰገደች ከአምበር በእግራቸው ነው የመጡት። ቀጥ ብለው ነው የቆሙት፤ ወገባቸውን የሚያማቸው ሰው አይመስሉም። እንዴት ነዎት፣ ወገብዎስ አልኳቸው። ያማ ድሮ ቀረ፣ ከጥምቀት ወዲህ ደህና ነኝ አሉኝ። ከዚያ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«እንኳን ደስ አለዎት። ያው ስለቱ ደረሰለት፤ ጥላውንም አስገባ።»

«እማዬ፣ ተይ» አለ አምደሚካኤል።

«ምን እተዋለሁ፤ ደርሶ የለ እንዴ? የደረሰ ስለት አይደበቅም።» ወደኔ ዞሩ። «ሥራው ለየኔታ እንዲጸናላቸው ብሎ ነው የያዘው። ጊዜያዊ ይሏቸዋል፣ ሲሏቸው ፊታቸው ይጠቁራል አለኝ። ጾሙን በሙሉ ውኃ እንኳ ሳይቀምስ። ማርቆስ ሰማው።»

አንገቱን ደፍቶ ነበር። ሕዝቡ እልል ሲል ታቦቱ አለፈ፤ ሁላችንም ሰገድን። እኔ ቀድሜ ሰግጄ ዘግይቼ ተነሣሁ።

ስነሣ አጠገቤ ነበር። «የኔታ፣ የነገው ልምምድ በስንት ሰዓት ነው?»

አፌን ከፈትኩ።

«ጋሽ ይታያል ይደውልልሃል» አልኩት።

ግንቦት 1

ደውሎለታል። ጋሽ ይታያል ነገረኝ። ምን አለ? አልኩት። ምንም፣ እሺ ብቻ ነው ያለኝ፤ የኔታ ያውቃሉ? ብሎ ጠየቀ፤ አዎ አልኩት አለኝ።

ሕሊናን ልነግራት ጀምሬ ነበር። ከየት እንደምጀምር ሳስብ ተኛች። ወይም የተኛች መሰለች።

ግንቦት 3፣ እሑድ

በዋና አሰልጣኝነት የመጀመሪያ ጨዋታዬ። ደረጃው ሞልቷል፤ እሑድ ሰው ይበዛል።

አበረን ፊት ለፊት ብቻውን አቆምኩት። ኳሷ ከኋላ ተነሣች፤ ከፍ ብላ ዞረች፤ ደረቱን መትታ ነጠረችና ሄደች። ደግማ መጣች፤ ተከላካዩ ከላዩ ላይ ወሰዳት። አበረ እጁን ዘርግቶ ወደኔ አየ፤ ምን ላድርግ ነው። የማውቀውን ነገርኩት። ቀኝ ትከሻህን አዙር ብዬ ጮህኩ። ዞሮ የትኛውን ብሎ ጠየቀኝ።

ተሸነፍን። መጨረሻው ላይ ደረጃው መጮህ ጀመረ። ስም ነው የሚጠሩት፤ መጀመሪያ አልለየሁትም። ከዚያ ለየሁት። ያው የሚስቁት ሰዎች ናቸው። «ተቀባዩ የት አለ?» ነው የሚሉት።

በሩ ላይ ከዘመናይ ቤት ደጃፍ ቆሞ ነበር። የአምበሩ መኪና እስኪሞላ ነው የሚጠብቀው፤ ሻንጣው እግሩ ሥር አለ። በእጁ ሻይ ይዟል። ስሙን ሲጠሩ ሰምቷል፤ አልሰማም ማለት አይቻልም። እኔን ሲያይ ብርጭቆውን ወደ ደረቱ ዝቅ አድርጎ እንደ ድሮው ጎንበስ አለ፤ ከዚያ ቀና ብሎ ጠጣ። ፀሐይዋ ገና አናታችን ላይ ነበረች።

ወደሱ ልሄድ ነበር። ጋሽ ይታያል ጠራኝ።

የሚቀጥለው ጨዋታ መቼ ይሁን ይለኛል፤ አርብ ወይስ እሑድ። አሁን አንድ ነው አልኩት።